የአፍ ቁስልና የተለየችው ኩባያ

ጫማዬ አፉን ከፈተ። ወደ ማተሚያ ቤት ስሄድ መንገዱን ሳላጋምስ የቀኝ እግሬ ሶል ከፊት በኩል ተገንጥሎ አስፋልቱን ይጠርግ ጀመር። ሥራዬ እርማት ነው፤ በሰው ጽሑፍ ላይ የጎደለች ነጥብ ስፈልግ የምውል ሰው የገዛ ጫማዬን መላቀቅ ሳላይ ከቤት ወጣሁ። እየተጎተትኩ ሰፈራችን ጫማ ሰሪ ዘንድ ገባሁ። ባልገባ ኖሮ እዚህ የምጽፈውን ሁሉ አልሰማም ነበር፤ ባልሰማ ኖሮ ደግሞ እስከ ዛሬ ራሴን ጥሩ ጎረቤት አድርጌ በቆጠርኩ።

ጫማ ሰሪውን ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛው» ይላቸዋል። የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጠው የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ነገር ግን የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ሚስማራቸውን በከንፈራቸው ደርድረው ሶል እየመቱ ይሰማሉ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል ላይወጣቸው ይችላል። በመጨረሻ አንድ ቃል ጣል ያደርጋሉ፣ በቃ፣ ነገሩ ያልቃል። አንዳንድ ሳምንትማ ጭራሽ አይናገሩም፤ በእጃቸው ብቻ ምልክት ይሰጣሉ። ያን ጊዜ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዳኛው እያሰቡ ነው» ይባባላል። እኔም ተምሬአለሁ የምለው ሰውዬ ይህን ጥበብ ብዬ ቆጥሬ፣ ለልጆቼ «ዝምታን ከዳኛው ተማሩ» እያልኩ ስመክር ኖሬአለሁ። ወይ አለማወቅ!

የዚያን ዕለት ጠዋትም ዝም ብለው ነበር። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጃፍ ይቆማል። ከእንጨት የተጠረቡ የእግር ቅርጾች ግድግዳው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል፣ የማስቲሹ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ጫማዬን አውልቄ ሰጠኋቸውና በአንድ እግር ካልሲ ተቀመጥኩ። ገና ሳልደላደል ትንሿ ልጃቸው ገባች። ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ነጩን ጋዋኗን እንደለበሰች ነው የመጣችው። ፊቷ ቅጭም ብሏል።

«እንደምን አደሩ አባባ። ጋሼ፣ እርስዎም እንደምን አደሩ» አለችና መልስ ሳትጠብቅ፣ «መኪናው በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» ስትል አባቷን ጠየቀቻቸው።

ዳኛው አራት ጣታቸውን አሳዩዋት።

«አራት ሰዓት! እንግዲያው አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረንም።» ወደ እኔ ዞረች። «አልሰሙም እንዴ ጋሼ? ወንድሜ ሚስቱንና ልጁን ዛሬ ወደ እናቷ ቤት ሊሸኝ ነው። አባባ ናቸው ያዘዙት። የሰባት ዓመት ልጅ አፏ ስለቆሰለ ከቤት ትውጣ ተባለ። ከትምህርት ቤቷም፣ ከአባቷም ትለይ ተባለ።»

ልጅቱን አውቃታለሁ። በየወሩ አፏ እየቆሰለ ምግብ እንደምትከለከል ሰፈሩ ያወራ ነበር፤ ወሬውን ካመላለሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ዳኛው ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከከንፈራቸው ለቅመው መዳፋቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ቃሉ ተጠንቅቆ እንደሚወጣ ሁሉ በአፋቸው በአንድ ጎን ብቻ ተናገሩ።

«በሽታው ከሴትየዋ ወገን የመጣ ነው። የልጄ አፍ ንጹህ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ቀን ቆስሎ አያውቅም። ታዲያ ልጅቱ ከማን አመጣችው? ልጄን ሳይበክሉብኝ ይሂዱ። ይፍታት አላልኩም። ሲሻላቸው ይመለሳሉ።»

«መቼ ነው የሚሻላቸው?»

«እግዜር ሲል።»

«አባባ፣ ሚስትየው እኮ ምንም የለባትም። ልጅቱ ብቻ ናት።»

«ትደብቃለቻ። ሴት ስትባል መደበቅ አታውቅም?»

«ልጅቱንስ ትላንት ስለምን ሎሚና ጨው አሹባት? ከዚያ ወዲህ ውኃ እንኳ ሊወርድላት አልቻለም። ደግሞ "አፍ የሚቆስለው ለሚዋሽ ልጅ ነው" ብለዋታል። ምን ዋሸሁ እያለች አንድ በአንድ ስታስብ ነው ያገኘኋት። አንጀቴን በላችው።»

«ሎሚ ያቃጥላል፣ ይገድላል፣ ያደርቃል። እኔም በዚሁ ነው ያደግሁት» አሉ ዳኛው፤ መዶሻቸውንም አነሡ።

ነርሷ ግን አልለቀቀቻቸውም። ጉልበቷን አጥፋ ከፊታቸው ቁጢጥ አለች፤ ድምፅዋ የክሊኒክ ድምፅ ሆነ።

«ይስሙኝ አባባ። ይህ ቁስል አይጋባም። በኩባያም፣ በማንኪያም፣ በመሳሳምም አይተላለፍም። ከከንፈር ውጭ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣ ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱ በቫይረስ ነው፣ እሱ ይጋባል። የልጅቱ ግን ከጉንጭና ከከንፈር ውስጥ፣ ከምላስ ጎን የሚወጣው ነው። መሐሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው የቀላ። ሳምንት ሁለት ሳምንት አቃጥሎ በራሱ ይድናል፣ ወር ቆይቶ ይመለሳል። ማንም ከማንም አይወስደውም።»

«አይጋባም አትበይኝ! በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ ዳኛው፤ በዚያ አፍ ያን ያህል ይጮኻሉ ብዬ አላሰብኩም። «በገዛ ቤቴ አይቻለሁ። አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ሆነሽ አፍሽ ሲቆስል ነው የገባኝ። እናትሽ ነበረባት። እኔ አልፈረድኩባትም፣ አላባረርኳትም። ኩባያዋንና ሳህኗን ብቻ ለየሁ። እናንተን ለማዳን ነው።»

ነርሷ ቀለሟ ተለወጠ። እኔም ዓይኔን ወደ ካልሲዬ ጣልኩ፤ ያቺን ኩባያ አውቃታለሁና። ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ናት፣ ጠርዟ የተላጠ፣ ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ለብቻዋ ሚስማር ላይ የምትሰቀል። አሥራ ሰባት ዓመት እዚያው ተሰቅላ አይቻታለሁ። አንድ ቀን ውኃ ጠምቶኝ እጄን ብሰድ ሴትየዋ ፈገግ ብላ «እሷን ይተዋት፣ የኔ ናት፤ ሌላ ላምጣልዎት» አለችኝ። እኔም ተውኳት። ለምን አላልኩም። የተማርኩ፣ መጽሐፍ የማገላብጥ፣ ለምን ብዬ መጠየቅ የሚያቅተኝ ጎረቤት! ሴትየዋ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው።

«እንግዲያው ኩባያዋ የተለየችው በኔ ምክንያት ነው» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «እኔ ስለታመምኩ እሷ ተቀጣች። እኔ ደግሞ ስትሰቅላት እያየሁ፣ እማማ የራሷን ዕቃ ትወዳለች እያልኩ አደግሁ።»

«አልቀጣኋትም አልኩሽ።»

«አባባ፣ እናቴ አፏ ቆስሎ ያዩት መቼ ነው?»

«ትደብቅ ነበር።»

«ስምንት ወር አልጋ ላይ ሳለች አፏን ጠዋትና ማታ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ድዷን፣ ምላሷን፣ የጉንጯን ውስጥ። ከዚያ ሁሉ መድኃኒት ጋር እንኳ አንድ ቁስል አላየሁም። አንድ! ከዚያ በፊት ደግሞ ስታዛጋ፣ ስትስቅ፣ ስትበላ ዕድሜዬን በሙሉ አይቻታለሁ። ትኩስ ነገር ስትጠጣ ፊቷ ተኮማትሮ አያውቅም። የሚኮማተረው የእርስዎ ነው።»

መዶሻው ጫማዬ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ሰፈሩ እያሰቡ ነው ሲል እኔ ግን ልጅ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ አይዎት ነበር» ስትል ቀጠለች። «ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ዳቦ በቀዝቃዛ ውኃ እያራሱ፣ እንባዎ እየወረደ ነበር የሚበሉት። ዛሬም ከመጣሁ ጀምሮ በአንድ ጎን ነው የሚያወሩት። አፍዎን ይክፈቱልኝ።»

«አልከፍትም።»

«እሺ፣ አይክፈቱ። ግን አለብዎ ወይስ የለብዎትም?»

ይህን ያህል ዓመት አይቻቸው እንደዚያን ቀን አንሰው አላየኋቸውም። «አለብኝ» አሉ። «ከሷ ነው የያዘኝ። ከእናትሽ። ለማንም አልተናገርኩባትም። ይኸው ነው ምሥጢሩ። ልጄም በኔ የደረሰው እንዳይደርስበት ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁበት። ምን እንደቆረጠኝ አላውቅም፤ የሥራ ልማድ ይሆናል፣ ቀን ከቀን ሲጣላ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆሰለብዎ መቼ ነበር?»

«እሱማ ሥራ ስለምድ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ። ጌታዬ ሚስማሩን በከንፈርህ ያዝ ይለኝ ነበር፤ ወጋኝ፣ ቆሰለ፣ ሳምንት ሙሉ አፌን መክፈት አቃተኝ። ጌታዬ "ይህ ልጅ አያወራም፣ ሥራ ይወጣዋል" ብሎ ወደደኝ።»

«ባለቤትዎን ያገቡትስ?»

«በሃያ ስድስት ዓመቴ።»

እሳቸው ራሳቸው የተናገሩትን ሲሰሙት አየሁ። ነገር ግን ሰው አንዴ የያዘውን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ «ያ የሚስማር ነው!» አሉ ፈጠን ብለው። «ይህኛው ሌላ ነው። ካገባሁ በኋላ ሚስማር በማልይዝበት በእሁድ ቀንም ይወጣብኝ ጀመር። ሚስማር ካልወጋኝ ታዲያ ከየት መጣ? አብራኝ ከምትበላው ሴት እንጂ!»

አየህ አንባቢዬ፣ ስህተቱ ይህ ነው። የመጀመሪያውን በሚስማር አሳበቡ፣ ሚስማሩ ሲያልቅባቸው ሚስታቸውን አገኙ። ሁልጊዜ ጥፋተኛው ከውጭ የሚመጣ ነው።

«ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ሰሪ ሚስማር በከንፈሩ አይይዝም?» አለች ልጃቸው።

«ይይዛል።»

«አፉ ይቆስላል?»

«ኧረ እሱማ እንደ ሬዲዮ ነው፤ አንድ ቀን ዝም ብሎ አያውቅም።»

ሁላችንም ሳንፈልግ ፈገግ አልን። ነርሷ ግን ቶሎ ወደ ነገሩ መለሰችን። «ታዲያ ልዩነቱ እሱ ነው። ሚስማሩ ቁስሉን ይጠራዋል እንጂ አይፈጥረውም። አንዳንድ ሰው ከዘሩ የወረሰው ነገር አለ፤ የገዛ ሰውነቱ የአፉን የውስጥ ሽፋን ቶሎ ያጠቃዋል። ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ጉንጭን መንከስ፣ ጠንካራ ብሩሽ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ለአንዳንዱ አረፋ የሚበዛበት የጥርስ ሳሙና። ደም ውስጥ የብረት ማዕድን፣ ፎሊክ አሲድ ወይም ቫይታሚን ቢ 12 ሲያንስም ይመጣል። ሐኪሞቹም ሥሩን አጥርተው አልደረሱበትም፤ እኔ አውቃለሁ ብል ውሸት ነው። ግን በቤተሰብ እንደሚወርድ ያውቃሉ። ወላጁ ያለበት ልጅ ከሌላው ይልቅ ይጋለጣል። ሁሉም ልጅ ደግሞ አይወርስም፤ ወንድሜ ተረፈ፣ ልጁ አልተረፈችም። ለእኔም ደርሶኛል። አባትዎስ አባባ? አያቴ አፋቸው ይቆስል ነበር?»

ዳኛው ብዙ አሰቡ፤ የዚያን ጊዜስ እውነት አሰቡ። «አባቴ አንዳንድ ሰሞን እህል አያስገባም ነበር። ሆዱን ነው ይሉን ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ስለዚህ ከእኔ ነው የምትይው። የኔ ደም ነው የተበላሸው።»

«አልተበላሸም። ዓይንና አፍንጫ እንደሚወረስ ነው። አፌ ስለቆሰለ አንድ ቀን እርስዎን ወቅሼ አላውቅም። ማንም መርጦ አይሰጠውም፣ ማንም መርጦ አይቀበለውም፤ ጥፋት የለበትም።»

«ጥፋት ከሌለበት» አሉ። «ጥፋት ከሌለበት እኔ እናትሽን አሥራ ሰባት ዓመት ስለምን…»

ልጅየዋ ተነሥታ ጋዋኗን አራገፈች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ግን አላፈሰሰችውም። «እሱን እኔ አልመልስልዎትም» አለች። «እሷ ብትኖር እሷን ይጠይቋት ነበር። እኔ የመጣሁት ከመኪናው ለመቅደም ነው።»

ዳኛው መዶሻውን አስቀመጡ። ሽርጣቸውን ሳይፈቱ፣ ሱቋን ሳይዘጉ ወጡ። እኔም በአንድ እግሬ ካልሲ፣ በአንዱ ጫማ፣ እያነከስኩ ተከተልኳቸው፤ ሰው ቢስቅብኝ ግድ አልነበረኝም።

መኪናው ደርሶ ነበር። ወንድ ልጃቸው፣ በሥራው ሾፌር የሆነው፣ አንገቱን ደፍቶ ሻንጣ ይጭናል። ምራታቸው በሩ ላይ ቆማ ፍራሽ ትጠቀልላለች። ሰው ከቤቱ ሲባረር ደጋግሞ ካለቀሰ በኋላ የሚመጣ አንድ ዓይነት እርጋታ አለ፤ ፊቷ ላይ ያ ነበር። ልጅቱ ደብተሯን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ አብጧል።

ዳኛው ከልጅቱ ፊት ተንበረከኩ። እርሳቸውን ያህል ሰው፣ ሰፈር የሚፈራቸው ሰው! ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዙረው አፋቸውን ከፈቱ፣ የታች ከንፈራቸውንም በጣታቸው ገለበጡላት። እኔም አየሁ። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ከምላሳቸው ጎን፣ የአተር ፍሬ ያህላል።

ልጅቱ ጠጋ ብላ እያንዳንዱን አየችው። ከዚያ በመገረም ጠየቀቻቸው። «አባባ፣ አንተም ትዋሻለህ እንዴ?»

ልጃቸው ሻንጣውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አዎ ልጄ» አሉ ዳኛው። «ብዙ ዓመት ዋሽቻለሁ። ግን አፌ የቆሰለው በሱ አይደለም። ያንቺም አፍ የቆሰለው በውሸት አይደለም፤ ከኔ ወርሰሽው ነው። ትላንት ያልኩሽ ሐሰት ነው። እናትሽም ምንም የለባትም።» ወደ ምራታቸው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ዕቃሽን መልሺው። በደልኩሽ።»

ምራታቸው የጠቀለለችውን ፍራሽ ትክ ብላ አየችው። «እቆያለሁ አባባ» አለች በመጨረሻ። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ብዬ ነው። ትላንት ልጄን ይዘው ሎሚ ሲያሹባት እጄን ብዘረጋ "ዞር በይ፣ አንቺ ነሽ ያመጣሽው" ብለውኛል። እሱን ለመርሳት ጊዜ እፈልጋለሁ።» ገብታም የእሷና የልጇ ተብለው የተለዩትን ሳህኖች ከሌሎቹ ጋር ደባለቀቻቸው፤ ሲንኳኩ ውጭ ድረስ ተሰማን።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሆነ። ጥቅሙን የሚጠይቅ ቢኖር ያየሁትን ልንገረው። ልጅቱ ክሊኒክ ተወስዳ ደሟ ሲመረመር የብረት ማዕድን አንሷት ተገኘ፤ ኪኒን ታዞላት ሦስት ወር ዋጠች። የጥርስ ሳሙናዋ ተለወጠ፣ ብሩሽዋ ለስላሳ ሆነ፣ እርሳስ ማኘክ ተወች። ሎሚው ቀርቶ በለብታ ውኃ የሟሟ ጨው ትጉመጠመጣለች፤ ሲብስባት ሐኪም ያዘዘላት ቅባት አለ። ቁስሉ ጠፋ ብዬ አልዋሽም። በየወሩ የነበረው በሦስት ወር አንዴ መጣ፤ ሲመጣም ምን አጠፋሁ ብላ አታለቅስም። ዳኛውም ታከሙ። ምላሳቸው ጎን ያለው ቁስል ከወር በላይ ቆይቶ ነበርና ሐኪሙ ከሦስት ሳምንት ያለፈ የአፍ ቁስል ዝም አይባልም ብሎ ቆንጥሮ አስመረመረው፤ ደግነቱ ክፉ ነገር አልተገኘበትም። ደብቀውት ቢቀሩ፣ ክፉ ቢሆንስ ኖሮ ማን ያውቅላቸው ነበር? አሁን ሚስማራቸውን በቆርቆሮ ክዳን አድርገው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ቢያማቸውም አፌ ቆስሏል ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ሰፈሩ እንዲያውም ቅር ብሎታል፤ ዳኛው ወሬ አበዙ ይላል። ሰው ጤናን እንኳ በምስጋና አይቀበልም።

ምራታቸው እስካሁን ከእሳቸው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አትለዋወጥም። ገበታው ግን አንድ ነው፤ እሳቸውም ከዚህ የበለጠ አይገባኝም ይላሉ።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት በራሴ ፈቃድ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሱቃቸው ደጃፍ ሳልፍ ጠሩኝ። «አንተ ከጽሑፍ ጋር ነው የምትውለው። ይህን ነገር ጻፈው» አሉኝ። «ስንቱ ቤት እንዲህ ያለ ሞኝ ሽማግሌ ተቀምጦ ይሆናል። እንዲያነቡለት ጻፈው።»

«ስምዎን ላንሣ ጋሼ?»

«እንደፈለግህ። ስለኔ የፈለግኸውን ጻፍ። ስለ ልጆቼ እናት ግን አንድ ነገር እንዳትረሳ። አፏ አንድ ቀን እንኳ ቆስሎ አያውቅም፣ ንጹህ ነበረች ብለህ ጻፍ።»

እኔም ያለ ነገሬ ጨካኝ ሆንኩ፤ ወይም ራሴን ልወቅስ ፈልጌ ይሆናል። «አሁን ማን ያነብላታል ጋሼ?» አልኳቸው።

አላዘኑብኝም። በእጃቸው ያለውን ጫማ ገልብጠው ብዙ አዩትና፣ «ማንም» አሉ። «ቢሆንም ጻፍ።»